ቀዩ አፈርና ስድስተኛው ክሮሞሶም

ከሆሳዕና ተነስቶ በዱራሜ በኩል ሀደሮን አልፎ ወደ ወላይታው አረካ የሚዘልቀው ምድር አፈሩ ቀይ ነው። እንሰትና ቡና ያበቅላል፤ የሀደሮና የጡንጦ ዝንጅብል ደግሞ በነጋዴ ዘንድ የታወቀ ነው። ይህ አፈር በክረምት እግር ላይ ይለጠፋል፣ በበጋ ይቦንናል። በላዩ ላይ በባዶ እግሩ ሲያርስ፣ ሲኮተኩትና ገበያ ሲወጣ ከኖረው ሕዝብ መካከል የአንዳንዱ እግር ከጣቱ ጀምሮ ያብጣል። ቆዳው ይወፍራል፣ ይሻክራል፤ እብጠቱ ዓመት በዓመት እየጨመረ ወደ ጉልበት ይወጣል። በዚያው ማሳ አብሮት የዋለው ጎረቤቱ ግን ዕድሜ ልኩን ያንኑ አፈር ረግጦ ምንም አይሆንም።

ምክንያቱ ምንድን ነው?

በአገሪቱ ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛውን የሚያመጣው በትንኝ ንክሻ የሚተላለፍ ትል ነው፤ እንደ ጋምቤላ ባሉ ቆላማ ቦታዎች ይገኛል። በደጋውና በወይና ደጋው ያለው ዝሆኔ ግን ትልም ትንኝም የለበትም። ይህን አጥብቆ የተከታተለው በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት የሠራው ብሪታንያዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። ፕራይስ የታማሚዎችን የብሽሽት ንፍፊት ሲመረምር የሲሊከንና የአሉሚኒየም ማዕድን ያለባቸው ደቂቅ የአፈር ብናኞች አገኘ። ብናኞቹ በውስጥ እግር ቆዳ ሰርገው ገብተው፣ ከሰውነት ውስጥ ፈሳሽ በሚያመላልሱት የሊምፍ መስመሮች ተጉዘው እዚያ ተከማችተው ነበር። መስመሮቹ ሲቆጡና ሲደፈኑ ፈሳሹ መውጫ ያጣል፣ እግሩም ያብጣል። በሽታው ዛሬ በሕክምናው ዓለም ፖዶኮኒዮሲስ በመባል ይታወቃል።

በሽታው ጥቂት ሰው ብቻ የሚያጠቃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1969 የታተመ አንድ ጥናት በ56 የኢትዮጵያ ገበያዎች የሚያልፈውን ሰው እግር እየተመለከተ ቆጥሮ ከመቶው ወደ ሦስት የሚጠጋው እግሩ ያበጠ መሆኑን አሳይቷል። በ2013 በ659 ወረዳዎች፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ ወደ 130 ሺህ በሚጠጉ ሰዎች ላይ በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ደግሞ የበሽታው ስርጭት 4 በመቶ ሆኖ ተገኘ። በወላይታ ብቻ በሥራ ማቆምና በሕክምና የሚጠፋው ሀብት በዓመት ከ16 ሚሊዮን ዶላር እንደሚበልጥ በ2006 የታተመ ስሌት ያሳያል።

ከዚህ ሁሉ ቁጥር ጀርባ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ እንዳለ ነው። አፈሩን የሚረግጠው ሁሉ ነው፤ የሚታመመው ጥቂቱ ነው። ፕራይስ በሽታው በአንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ እንደሚደጋገም አስተውሎ ገና በ1972 የዘር ድርሻ ሊኖረው ይችላል ሲል ጽፏል። ጌይል ዴቪና ባልደረቦቿ በ2007 ያሳተሙት ሥራ ይህን ግምት በቁጥር ፈተነው። በሽታው ለብዙ ትውልድ የታየባቸውን 59 ቤተሰቦች መርምረው፣ የታማሚ ወንድም ወይም እህት በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ገደማ እንደሆነ አገኙ። በሕዝቡ ውስጥ ከሚታየው የተጋላጭነት ልዩነት ወደ 63 በመቶ የሚሆነውም ከዘር ጋር የተያያዘ ነው አሉ።

የቱ ዘረመል ነው? መልሱ የመጣው በመጋቢት 2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ ነው። ፋሲል ተኮላ አየለ፣ አደቦዋሌ አዴየሞ፣ ሜላኒ ኒውፖርት፣ ጌይል ዴቪ፣ ቻርልስ ሮቲሚና ሌሎች ባልደረቦቻቸው 194 የወላይታ ታማሚዎችንና 203 ጤነኞችን ወስደው በመላው የዘር ውርስ ላይ የተበተኑ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ነጥቦችን አነጻጸሩ። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው በስድስተኛው ክሮሞሶም ላይ፣ ኤች ኤል ኤ ክፍል ሁለት በሚባለው ሰፈር ነበር። ከሁሉ ጎልቶ የወጣው የውርስ ምልክት ያለበት ሰው የመታመም ዕድሉ ከእጥፍ በላይ ይጨምራል። ውጤቱ በታማሚ ልጆችና በወላጆቻቸው ላይም ተፈትሾ ጸና። ከዓመታት በኋላ በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት ያንኑ ሰፈር በሦስት የኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ዘንድ ደግሞ አገኘው።

የክሮሞሶሙ አድራሻ ተመራማሪዎቹን ያነቃበት ምክንያት ነበረው። ያ ሰፈር ለቆዳ ጥንካሬ ወይም ለደም ሥር ስፋት የሚሠራ አይደለም። ሰውነት የራሱን ከባዕድ የሚለየው በእሱ ነው። የዓይነት አንድ ስኳር፣ አንዳንድ የመገጣጠሚያ ሕመምና ሰውነት ራሱን የሚያጠቃባቸው ሌሎች ብዙ በሽታዎች ሲመረመሩ አሻራቸው የሚገኘው እዚሁ ነው።

የሚታየውና የሚያየው

ኤች ኤል ኤ የሚባሉት ፕሮቲኖች የሕዋሳት ማሳያ ናቸው። ፈረንሳዊው ዣን ዶሴ የመጀመሪያውን በ1958 አግኝቶ በ1980 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። አሠራራቸው ለገበያ ሰው ግራ አይሆንም። ሀደሮ ገበያ ላይ ጉሊት የተቀመጠች ሴት ጎተራዋን ተሸክማ አትመጣም፤ ከቤቷ ካለው ጥቂቱን ታወጣና ትዘረጋለች፤ ገዢው ከዘረጋችው አይቶ ቤቷ ምን እንዳለ ይገምታል። ሕዋስም በውስጡ ያለውን ፕሮቲን ቆራርጦ ቁራጩን በኤች ኤል ኤ ላይ አድርጎ ወደ ውጭ ይዘረጋል። እየዞሩ የሚቃኙት ቲ ሕዋሳት ያንን ያያሉ። ክፍል አንድ የሚባለው ኤች ኤል ኤ በአብዛኞቹ ሕዋሳት ላይ አለ፤ ውስጥ የተመረተውን ያሳያል። ክፍል ሁለት የሚባለው ግን በዋናነት ከውጭ የገባውን ውጠው በሚፈጩ የመከላከያ ሕዋሳት ላይ ይገኛል።

ፒተር ዶኸርቲና ሮልፍ ዚንከርናግል በ1974 በካንቤራ ያሳዩት ነገር ይህን ሥርዓት ግልጽ አደረገው። ቲ ሕዋስ ባዕዱን ነገር ብቻውን አያውቀውም፤ የሚያውቀው በራሱ ሰው ኤች ኤል ኤ ላይ ተቀምጦ ሲያየው ነው። ሁለቱ ተመራማሪዎች በ1996 ኖቤል ተሸለሙ።

ኤች ኤል ኤ በሰው ዘር ውስጥ ከሚገኙት ዘረመሎች ሁሉ ዓይነቱ የበዛ ነው። እስካሁን የተመዘገቡት ዝርያዎቹ ከ30 ሺህ በላይ ናቸው። ሰው ከእናቱ አንድ ከአባቱ አንድ ስብስብ ስለሚወርስ፣ የአንድ ቤት ልጆች እንኳ የተለያየ ስብስብ ሊኖራቸው ይችላል። ዝርያዎቹ የሚለያዩት ደግሞ ቁራጩ በሚያርፍበት ጎድጓዳ ቅርጽ ነው። አንዱ ዝርያ አጥብቆ የሚይዘውን ቁራጭ ሌላው ሊይዘው አይችልም። ያልተያዘ ቁራጭ አይታይም፤ ያልታየ ነገር ደግሞ ቲ ሕዋስን አያስቆጣም። ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት ነገር ወደ ሰውነታቸው ገብቶ የአንዱ መከላከያ ሲቆጣ የሌላው ዝም የሚልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የታይመስ ወንፊት

ቲ ሕዋሳት ሲፈጠሩ ጠላታቸውን አያውቁም። እያንዳንዱ ሕዋስ ማያውን የሚሠራው የዘረመል ቁራጮችን በዘፈቀደ አገጣጥሞ ነው። ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ ዓለም ላይ ገና ያልተፈጠረ ቫይረስ ቢመጣ እንኳ የሚለየው ሕዋስ አስቀድሞ ይኖራል። አደጋው ግን ከጥቅሙ አያንስም። በዘፈቀደ ከተሠሩት መካከል የራስን ቆሽት፣ የራስን ቆዳ፣ የራስን ነርቭ እንደ ጠላት የሚያዩ አይጠፉም።

እነዚህ የሚጣሩት ከደረት አጥንት ኋላ፣ ከልብ ከፍ ብሎ በሚገኘው ታይመስ በተባለ ዕጢ ውስጥ ነው። በሕፃንነት ትልቅ የሆነው ይህ ዕጢ ዕድሜ ሲገፋ እየሟሸሸ ስለሚሄድ ለረጅም ዘመን ጥቅም የሌለው ትርፍ ሥጋ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። በ1961 ዣክ ሚለር አዲስ ከተወለዱ አይጦች ላይ ቆርጦ ሲያወጣው አይጦቹ በሽታ የመቋቋም አቅማቸውን አጡ፤ የዕጢው ሥራም ያኔ ታወቀ። ወደ ታይመስ ከሚገቡት ወጣት ሕዋሳት በሕይወት የሚወጡት ከመቶ አምስት አይሞሉም። የራስን ኤች ኤል ኤ ጨርሶ ማንበብ የማይችሉት ለሥራ ስለማይበቁ ይሞታሉ። በራስ ቁራጭ ላይ ከልክ በላይ የሚቆጡት ደግሞ አደገኛ ስለሆኑ ይጠፋሉ።

እዚህ ላይ አንድ እንቆቅልሽ ነበር። ታይመስ ደረት ውስጥ ያለ ዕጢ ነው፤ ኢንሱሊን ግን የሚመረተው በቆሽት ነው። ቲ ሕዋስ ኢንሱሊን የራስ መሆኑን ታይመስ ውስጥ ሳለ ከየት አይቶ ይማራል? መልሱ የተገኘው ኤር በተባለ ዘረመል ነው። በ1997 ሁለት የምርምር ቡድኖች በሃያ አንደኛው ክሮሞሶም ላይ ለይተው አወጡት። ይህ ዘረመል የታይመስ ሕዋሳት የእነሱ ሥራ ያልሆኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮቲኖችን በጥቂቱ እንዲያመርቱ ያደርጋል፤ የቆሽቱን፣ የአድሬናል ዕጢውን፣ የዓይኑን። ቲ ሕዋሱ ከዕጢው ሳይወጣ የመላውን አካል ናሙና ያያል፤ በዚያ የተቆጣም እዚያው ይቀራል።

ከአባትም ከእናትም የተበላሸ ኤር የወረሰ ልጅ ላይ የሚሆነው የዘረመሉን ዋጋ ያሳያል። ገና በልጅነቱ የፓራታይሮይድና የአድሬናል ዕጢዎቹ በራሱ መከላከያ ይጠቃሉ፤ አፉና ጥፍሩ በማይለቅ ፈንገስ ይያዛል። በሽታው እጅግ ብርቅ ነው፤ በአንጻሩ በዛ ብሎ የሚታየው በፊንላንድ፣ በሰርዲኒያና በኢራን አይሁዳውያን ዘንድ ነው።

ለኢንሱሊን ደግሞ ለብቻው የተመዘገበ ታሪክ አለ። ከኢንሱሊን ዘረመል አጠገብ የሚደጋገም የዘር ክር አለ፤ አጭር የሆነለት ሰው አለ፣ ረጅም የሆነለትም አለ። በ1997 የታተሙ ሁለት ጥናቶች ረጅሙን የወረሱ ሰዎች በታይመሳቸው ውስጥ ብዙ ኢንሱሊን እንደሚመረት አሳዩ። እነዚህ ሰዎች በዓይነት አንድ ስኳር የመያዝ ዕድላቸው ዝቅተኛ ነው። ናሙናው ሲበዛ በኢንሱሊን ላይ የሚቆጡት ሕዋሳት በወንፊቱ የመያዛቸው ዕድል ስለሚጨምር ነው።

ወንፊቱን ያመለጡት

ወንፊቱ ሁሉንም አይዝም። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ እንኳ የራስን አካል ሊያጠቁ የሚችሉ ቲ ሕዋሳት ይዞራሉ። ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ በ1995 እነዚህን ጸጥ የሚያሰኙ ሌሎች ቲ ሕዋሳት መኖራቸውን አሳየ። ሐሳቡ ያኔ ብዙ ተጠራጣሪ ነበረው።

ማስረጃው የመጣው ካልተጠበቀ አቅጣጫ ነበር። አሜሪካ ውስጥ በኦክ ሪጅ በ1940ዎቹ የጨረር ጉዳት ሲጠና፣ ከሚረቡት አይጦች መካከል ቆዳቸው የሚቀረፍ፣ ንፍፊታቸው የሚያብጥና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሚሞቱ ወንድ ግልገሎች ታዩ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ሜሪ ብሩንኮውና ፍሬድ ራምስዴል በዋሽንግተን ግዛት በሚገኝ አንድ የመድኃኒት ኩባንያ ውስጥ የአይጦቹን ኤክስ ክሮሞሶም እያጠበቡ ፈልገው በ2001 ፎክስ ፒ 3 የተባለውን ዘረመል አገኙ። ያው ዘረመል በሰው ልጅ ሲበላሽ ወንድ ሕፃናትን ያጠቃል፤ የማያቋርጥ ተቅማጥ፣ የቆዳ ቁጣና ስኳር ገና በጨቅላነታቸው ይጀምራቸዋል። የአጥንት መቅኒ ንቅለ ተከላ ካላገኙ አብዛኞቹ ዕድሜያቸው አይረዝምም። ፎክስ ፒ 3 ሳካጉቺ ያገኛቸው አረጋጊ ሕዋሳት ሥራቸውን እንዲሠሩ የሚያደርግ ዘረመል መሆኑም ብዙ ሳይቆይ ተረጋገጠ። ሦስቱ ተመራማሪዎች የ2025ን የሕክምና ኖቤል ተካፍለዋል።

ከጎንደር እስከ እስራኤል

የኤርና የፎክስ ፒ 3 ብልሽት አንድ ዘረመል ብቻውን የሚያመጣው መዘዝ ስለሆነ ብርቅ ነው። በብዙ ሰው ላይ የሚታየው ግን ሌላ ነው። ዘረመሉ ጤነኛ ነው፤ የተወረሰው የኤች ኤል ኤ ዝርያ ግን ለአንድ በሽታ ያጋልጣል።

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ስኳር በወጣትነታቸው የጀመራቸውን የአማራ ተወላጆች ያጠኑ ሐኪሞች ውጤታቸውን በ2020 ዲያቤቶሎጂያ በተባለው መጽሔት አሳትመዋል። የአፍሪካ ገጠር ወጣቶች ስኳር ከምግብ እጥረት የሚመጣ ሌላ ዓይነት ይሆን የሚል የቆየ ጥርጣሬ ነበር። ከጎንደር የተገኘው ውጤት ግን በአውሮፓ እንደሚታየው ሁሉ ከኤች ኤል ኤ ክፍል ሁለት ጋር የተሳሰረ፣ መከላከያው ቆሽትን የሚያጠቃበት በሽታ መኖሩን አሳየ።

በእስራኤል የሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ታሪክ ደግሞ የዘረመልን ወሰን ያሳያል። በ1984 እና በ1991 በተካሄዱት ትልልቅ ጉዞዎች የሄዱት ቤተሰቦች ዘረመላቸውን ይዘው ነው የሄዱት። እዚያ በኖሩ ቁጥር ግን የዓይነት አንድ ስኳር በልጆቻቸው ላይ እየበዛ መጣ። በ2004 የታተመ ጥናት የሚያጋልጡትን የኤች ኤል ኤ ዝርያዎች ከመረመረ በኋላ አዲሱ አካባቢ የራሱ ድርሻ እንዳለው ደመደመ። ዘረመሉ ሳይለወጥ ምግቡ፣ ተሕዋስያኑና አኗኗሩ ተለወጡ፤ በሽታውም ተከተለ።

ወደ ቀዩ አፈር

አሁን የወላይታው ውጤት ምን እንደሚል ማንበብ ይቻላል። የ2012ቱ ጥናት ባለቤቶች ፖዶኮኒዮሲስ በቲ ሕዋሳት የሚመራ የመቆጣት በሽታ ሳይሆን አይቀርም አሉ። አፈሩ ወደ ሁሉም እግር ይገባል። በአንዳንዱ ሰው ላይ ግን የወረሰው ኤች ኤል ኤ ከአፈሩ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር አጥብቆ ይዞ ለቲ ሕዋሳት ያሳያል፤ እነሱም ይቆጣሉ። ቁጣው የሚያርፈው በብናኙ ላይ ብቻ አይደለም። ብናኙ የተቀመጠበት የራስ የሊምፍ መስመር ይጠባል፣ ይጠነክራል፣ ይደፈናል። ማዕድን ራሱ ፕሮቲን ስላልሆነ፣ ኤች ኤል ኤው የሚይዘው በማዕድኑ የተለወጠ የራስ ፕሮቲን ይሁን ከአፈሩ ጋር የገባ ሌላ ነገር፣ በመስኩ ክፍት የሆነው ጥያቄ ይህ ነው።

63 በመቶ የሚለው ቁጥር ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ይነበባል። ቁጥሩ የታማሚ ልጅ ከመቶ 63 የመታመም ዕድል አለው ማለት አይደለም። የሚለካው ሁሉም በባዶ እግሩ በሚሄድበት ሕዝብ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ሁሉም ከልጅነቱ ጫማ ቢያደርግ ያ ዘረመል የሚያስቆጣው ነገር አያገኝም፤ ቁጥሩም ትርጉሙን ያጣል።

በወላይታ ቀበሌዎች ደስታ አዮዴ፣ ኮሊን ማክብራይድና ባልደረቦቻቸው ያካሄዱት ጥናት ይህ አለመግባባት ምን እንደሚያስከትል መዝግቧል። በሽታው በዘር ይተላለፋል ብሎ የሚያምን ብዙ ሰው ነበር። እምነቱ ግማሽ እውነት ቢሆንም ውጤቱ ሁለት ጉዳት ነው። በአንድ በኩል የታማሚ ቤት ልጅ ለጋብቻ ይሸሻል። በሌላ በኩል በሽታው በደም ውስጥ ካለ ጫማ ምን ይጠቅማል የሚል ተስፋ መቁረጥ ይመጣል። ተመራማሪዎቹ በኋላ ለቤተሰቦች ያዘጋጁት ትምህርት ሁለቱን አንድ ላይ ያስቀምጥ ነበር። በዘር የሚወረሰው የአፈር አለመስማማት ነው፤ በሽታውን የሚያመጣው አፈሩ ከእግር ጋር መገናኘቱ ነው።

ለታመመውም መፍትሔው በቤት ውስጥ ካለ ዕቃ አይርቅም። ሶዶ ላይ የተቋቋመው የሞሲ ፉት ማኅበር ታማሚዎች እግራቸውን በየቀኑ በውኃና በሳሙና እንዲያጥቡ፣ ጥቂት በረኪና በተጨመረበት ውኃ እንዲዘፈዝፉ፣ አድርቀው ቫዝሊን እንዲቀቡ፣ ካልሲና ጫማ እንዲያደርጉ ሲያስተምር ቆይቷል። ይህ ዓይነቱ እንክብካቤ በምሥራቅ ጎጃም በ696 ታማሚዎች ላይ ተፈትኖ በ2018 ውጤቱ ታትሟል። ትኩሳትና ሕመም ይዞ እየተመላለሰ አልጋ ላይ የሚጥለው የእግር ቁጣ እንክብካቤ ባገኙት ላይ በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀንሷል።

የበሽታው መጀመሪያ ትንሽ ነው። የእግር ጣቶች ሥር ያሳክካል፣ ሌሊት የውስጥ እግር ያቃጥላል፣ ወደ ማታ ያበጠው እግር ጠዋት ይጎድላል። በዚህ ደረጃ የተያዘ እግር በመታጠብና በጫማ ወደ ቀድሞው መጠኑ ሊመለስ ይችላል። ቆዳው ከሻከረና እብጠቱ ከጠነከረ በኋላ ግን መቀነስ እንጂ ማጥፋት ያስቸግራል። ስለዚህ አያቱ ወይም እናቱ ዝሆኔ የያዛት የሀደሮ፣ የዱራሜ ወይም የሆሳዕና ገጠር ልጅ በቤቱ ከማንም ቀድሞ ጫማ የሚገዛለት መሆን ይገባዋል። የኤች ኤል ኤ ምርመራ አያስፈልገውም፤ የቤተሰቡ ታሪክ በቂ ምልክት ነው። ጫማው እግሩን የሚሸፍን እስከሆነ ድረስ የቆዳም ይሁን የፕላስቲክ ኮንጎ፣ ማሳ ሲወርድም ትምህርት ቤት ሲሄድም ከእግሩ ባይለይ ብናኙ ወደ ሊምፍ መስመሩ የሚገባበት መንገድ ይዘጋል።